ስልካቸውን ማንም የማያነሳላቸው ሰው

ጋሽ ይመር መሞታቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ሰዓዳ ናት። ከሪያድ፣ በስልክ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮምቦልቻ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የደንበኛ ሞባይል ፈትቼ ሳለ። «ሞላ፣ አባዬ ሞተ። ዛሬ ጠዋት፣ እዚያው መርሳ» አለች። በቃ። ሰላምታ እንኳ የለም።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት በዙሪያው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ሆኖ። በስልክማ ነውር ነው። ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ሲሆን ደግሞ ወንጀል ነው። ይህን ሕግ ለመርሳ ከተማ ያረቀቁት፣ ያጸደቁትና ያስፈጸሙት ራሳቸው ጋሽ ይመር ነበሩ። የገዛ ሞታቸው ግን የሕጉን አንቀጽ በሙሉ ጥሶ ደረሰኝ። ቢያዩኝ ኖሮ የሚቆጡት ልጃቸውን አልነበረም፣ እኔን ነበር። «ብቻህን ተቀምጠህ ስልክ የምታነሳው ምን ጎድሎብህ ነው?» ይሉኝ ነበር።

በሥራቸው ጎሚስታ ነበሩ። መርሳ ላይ፣ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋናው መንገድ ዳር፣ የፈነዳ ጎማ ይለጥፋሉ፣ የጎደለ ነፋስ ይሞላሉ። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ ወደ ኮምቦልቻ ከመምጣቴ በፊት ከጎናቸው በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ሞባይል እጠግን ነበር። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ የሳቸው መዶሻ ባረፈ ቁጥር የኔ ብሎኖች ከጠረጴዛው ይበተናሉ። ለዚህ አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቀውኝ አያውቁም። «የኔ ጎማ ሰው ያደርሳል፣ ያንተ ግን ውሸት ማድረሻ ነው» ይሉኝ ነበር። አልተሳሳቱም። ሱቄ በር ላይ ቆሞ ለልጁ «ሁላችንም ደህና ነን» የሚል ወላጅና ከወዲያ «እኔም ተመችቶኛል» የሚል ልጅ ስሰማ ነበር የምውለው።

ዋናው ሥራቸው ታዲያ ጎማ አልነበረም። ሀብሩ ወረዳችን ውስጥ ልጅ ያልወጣበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ የሚገባ ይገባል፤ ያልገባው ደግሞ ወሬው ይመጣል። ወሬው ሲመጣ ዘመድ ይሰበሰብና እርስ በርሱ ይተያያል። «ማን ይንገራት?» ይባላል። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። በመጨረሻ አንዱ «ይመርን ጥሩ» ሲል ሁሉም እፎይ ይላል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

እንዴት እንደጀመሩት ጠይቄያቸው ነበር። «አንድ ቀን ሰው ሁሉ ዝም ሲል እኔ ተናገርኩ» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ እኔ እስክመጣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።»

ከተማው ውለታቸውን አልረሳም። ሲያያቸው ይሸሻል። ወደ አንድ መንደር ከገቡ ሴቶቹ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ከየበሩ ይወጣሉ፤ አልፈው ሲሄዱ ደግሞ «ለነማን ይሆን?» እያሉ በዓይን ይሸኟቸዋል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጁ። ለግል ጉዳያቸው ሲሄዱ፣ ሽንኩርት ለመግዛትም ቢሆን፣ የጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ ትከሻቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ላስቲክ ካለ ሰላም ነው፣ ጎማ ለማየት ነው የመጡት። ትከሻቸው ባዶ ከሆነ ግን አንድ ቤት ሊፈርስ ነው። ሰርግ ሲኖር አይረሷቸውም፤ ብቻ «እንዳይደክሙ» ተብሎ ድርሻቸው በሳህን ተከድኖ ቤታቸው ይላካል። ሙሽራ ፊት ይመር ይቀመጣል እንዴ? ይህን ያህል የሚያስብላቸው ከተማ ነበር።

ሪያድም እንደ መርሳ ነው፤ በስልክ መርዶ ነግረው ባያውቁም ስማቸው ብቻ ያስደነግጣል። ከሳዑዲ የተመለሱ ልጆች ስልካቸውን ለጥገና ሲያመጡልኝ የሁሉም ስልክ ውስጥ አንድ ቁጥር አገኛለሁ፣ የጋሽ ይመርን። አንዱ «አይነሳም» ብሎ መዝግቦታል። አንዷ «ያ ረቢ»። አንዱ ስም አልሰጠውም፣ ጥቁር ልብ ብቻ ስሎበታል። የአገሬ ወጣት የሽማግሌን ቁጥር በክብር ያስቀምጣል፤ ላለማንሳት።

ካላነሱት ልጆች አንዷ የገዛ ልጃቸው ናት።

ሰዓዳ አንድያ ልጃቸው ስትሆን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነጥቡ ሳይመጣላት ሲቀር ነው የሄደችው። ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። በሄደች በመጀመሪያው ዓመት የኢድ ዕለት አባትየው ልጃቸው ናፍቃቸው «ኢድ ሙባረክ» ሊሏት በገዛ ስልካቸው ደወሉ። ልጅቱ የአሰሪዎቿን የብርጭቆ ትሪ በአንድ እጇ እንደያዘች ቁጥሩን አየች። «እማዬ!» ብላ ከነትሪው ወደቀች። ብርጭቆው ምን እንዳስከተለባት ለማንም አልነገረችም። በማግስቱ ለእናቷ ደውላ «እማዬ፣ አባዬን በአላህ በይልኝ፣ እሱ አይደውልልኝ» አለች። ጋሽ ይመር ይህን ሰምተው «እውነቷን ነው» ብለው ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ አልደወሉም። ለኢድ እንኳን።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ የሚገናኙት በእናትየው በእትዬ ፋጤ በኩል ሆነ። እትዬ ፋጤ በየሳምንቱ ሱቄ በር ላይ በርጩማ ስበው ይቀመጡና ሰዓዳ በላከችላቸው ስልክ በቪዲዮ ያወሯታል። ጋሽ ይመር ከስልኩ ጀርባ፣ ካሜራው ከማያያቸው ቦታ ይቆማሉ። ሆዳቸውን ይነካሉ፤ «ትበላለች ወይ?» ማለት ነው። ጉንጫቸውን መዳፋቸው ላይ ያስተኛሉ፤ «ትተኛለች ወይ?» ነው። ቡጢ ጨብጠው ያሳያሉ፤ «ይመቷታል ወይ?» ነው። እትዬ ፋጤ ሁሉንም በየተራ ይጠይቃሉ። ልጅቱ ትስቃለች።

«እማዬ፣ እሱ ነው አይደል የሚያስጠይቅሽ?»

«ኧረ እሱ ጎማ ላይ ነው ያለው፣ ምን አገባው!» ይላሉ እትዬ ፋጤ፣ ባላቸውን በጎን እያዩ።

አንድ ጊዜ ወልድያ ላይ ስለ ስደተኛ ወጣቶች ደኅንነትና ስለ ቤተሰብ ግንኙነት ስልጠና ተዘጋጅቶ ጋሽ ይመር «ባለድርሻ አካል» ተብለው ተጠሩ። እኔም ፕሮጀክተሩ እምቢ ካለ እንድነካካው አብሬ ሄድኩ። ደብተርና እስክሪብቶ ታደለን። አሰልጣኙ ከረባት ያሰረ ጨዋ ልጅ ነው፤ «ወጣቱ ከቤተሰቡ ጋር ግልጽ ውይይት ሲያደርግ ጭንቀቱ ይቀንሳል» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ አሳየን። አዳራሹ ሁሉ ጻፈ። ጋሽ ይመር እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ ቁጥሬን ስታይ ትወድቃለች» አሉ። «ለዚህ የሚሆን ሥዕል አለህ?»

አሰልጣኙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አገላበጠ። አልነበረውም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን» አለ። ከሻይ በኋላ ስለ ቡድን ሥራ ተማርን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እያሳሳቀ የሚመጣ ነገር አለ፣ እሱ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የደረሰብን። ከተማችን በታጣቂዎች ተያዘች፤ መብራት ጠፋ፣ ኔትዎርክ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ። ኔትዎርክ በሌለበት አገር ሞባይል ጠጋኝ፣ መኪና በማያልፍበት መንገድ ጎሚስታ ሆነን በሁለት የተዘጋ በር ፊት ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። ግማሹ ሰው ሸሽቷል፣ ግማሹ ቀርቷል፣ ማን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ጋሽ ይመር በእግራቸው ተነሱ። ሲሪንቃ ይሄዳሉ፣ ወልድያ ይዘልቃሉ፣ ሐራ ወርደው ይመለሳሉ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳለ ይዘው ይመጣሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «አለ» የሚል ወሬ መያዝ ጀመሩ። ደስ ብሏቸው ነበር። ያልታሰባቸው ነገር ከተማው የሚያውቀው ሌላውን ይመር መሆኑ ነው።

ሲሪንቃ አንዲት እናት ነበሩ፣ እትዬ አበባ የሚባሉ፤ ወንድ ልጃቸው በሽሽቱ ጊዜ ጠፍቶባቸዋል። ጋሽ ይመር ልጁን ሐራ ከዘመድ ቤት አገኙት፤ አብረው ምሳ በሉ። ሊያበሥሩ በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ ገሰገሱ። በማለዳ፣ በባዶ ትከሻ። እትዬ አበባ ከሩቅ አይተው «ልጄን!» ብለው መሬት ላይ ተነጠፉ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ኧረ በሕይወት አለ!» ይላሉ ጋሽ ይመር።

«ተይ አትስሚው፣ እንዲህ እያለ ነው ቀስ በቀስ የሚያለማምደው» ይላል ጎረቤት።

«ወላሂ አለ! ምሳ አብረን በላን!»

«አዬ፣ ሲያጽናና!» ይላሉ ሴቶቹ፤ ይብስ ያለቅሳሉ።

ለቅሶው ተደራ፣ አግዳሚ ወጣ፣ ቄስ ተጠራ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ጋሽ ይመር የልጁ መልእክት ትዝ ያላቸው። «ጥቁሯን ላም እንዳትሸጥብኝ ይበሉልኝ ብሏል» አሉ። እትዬ አበባ ቀና አሉ። ላሟን ሊሸጡ ማሰባቸውን ከልጃቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንባቸውን ጠርገው አንድ እግር ጫማቸውን አወለቁና ወረወሩባቸው። «ታዲያ ሌላ ሰው አትልክም ነበር? አንተ ምን ቤት ነህ ለደስታ?»

ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር። እኔም ሳቅኩ። ጫማው ያረፈበት ግንባራቸው ግን አብጦ ነበር።

እትዬ ፋጤ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። መብራቱ ሲጠፋ ኢንሱሊናቸውን በእንስራ ውሃ እያቀዘቀዙ ቆዩ። ከዚያ እያካፈሉ፣ ከዚያ እየዘለሉ። መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ነበሩ። ጋሽ ይመር ወልድያ ድረስ በእግራቸው ሄደው ሁለት ቀን ፈልገው በባዶ እጃቸው ተመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ እትዬ ፋጤ ባላቸው እጅ ላይ አረፉ። ይህን በፌዝ የምጽፍበት ብዕር የለኝም። ጥሩ ሴት ነበሩ፤ በአንዲት ብልቃጥ እጦት ሞቱ፤ አሁንም ያናድደኛል።

መላው መርሳ መጥቶ አለቀሰ። ከተማው ከጋሽ ይመር ቤት ያልሸሸበት ብቸኛው ቀን ያ ነበር።

ወራት አለፉና ታጣቂዎቹ ለቀው ሄዱ። ከዚያ ኔትዎርክ ተመለሰ። ሰው ሁሉ የሞተ ስልኩን ይዞ ሱቄን ወረረው፤ በአንድ ጄኔሬተር ላይ መርሳን በሙሉ ሰካሁ። ከተሰኩት መካከል የእትዬ ፋጤ ስልክ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ነፍስ ዘራና ወዲያው መጮህ ጀመረ። ከሪያድ ነው።

ጋሽ ይመር ስልኩን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እንደገና ጠራ። ሸህ አሊ፣ የመስጊዱ ሽማግሌ፣ መጡ። ምግብ የሚያመጡላቸው ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄም መጡ።

«እንዳታነሳ» አሉ ሸህ አሊ። «ልጅቱ ሰው አገር ናት፣ ብቻዋን ናት። እዚያ ላሉት የመርሳ ልጆች እናስነግር፤ ዓርብ ተሰብስበው ሄደው በማለዳ ይንገሯት። ደንቡን ያወጣኸው አንተው ነህ።»

«እኔው ነኝ» አሉ ጋሽ ይመር።

ደንቡ ከመርሳ ውጭ ወጥቶ የማያውቅ መሆኑ ለማንም አልታየውም። የሰው ቤት ሠራተኛ ዓርብ ተሰብስባ ለቅሶ የምትደርስ መሰላቸው። ስልኩ ይጠራል። እሷ እዚያ ማዶ ምን እያደረገች እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። እነዚያን ወራት ሁሉ፣ ዕቃ እያጠበች፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን፣ ለእናቷም ለአባቷም ለቅሶ ተቀምጣ ነበር። እህል አልወርድ ብሏት ልብሷ ሁሉ ሰፍቷት ነበር። የምትሰማው ጥሪ የመጨረሻ ማረጋገጫዋ ነበር፤ ካልተነሳ ማንም የለም ማለት ነው።

«ጋሽ ይመር» አልኩ፣ «እስከ ዓርብ እኮ አንቱንም ጨምራ ቀብራ ትጨርሳለች። ያንሱት።»

«አንተ አንሳው።»

«እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ።»

እንደገና ጠራ። አነሱት። የስልኩ ድምፅ ማጉያ እኔ ከጠገንኩት ወዲህ አልጠፋ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማን፤ ለሙያዬ አላህ ይስጠኝ።

«አቤት» አሉ።

«...ማነው?»

«እኔ ነኝ። ይመር ነኝ።» ለገዛ ልጃቸው ስማቸውን ተናገሩ።

ጩኸቱ ከሱቁ አልፎ መንገዱ ማዶ ተሰማ። «አባዬ! አባዬ አለህ! አልሃምዱሊላህ! ሞተሃል ብዬ እኮ ነው! አባዬ ድምፅህ ነው?» ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ምንም አልለየለትም።

ጋሽ ይመር ግራ ቀኙን አዩ። ለሌላ ሰው የተደወለ መስሏቸው ነበር መሰለኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ድምፃቸውን ሰምቶ ደስ ያለው ሰው አይተው አያውቁም። «አለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አለሁ ልጄ።» ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ የሚነጥቃቸው ያለ ይመስል፣ ጠየቋት። ትበያለሽ? ትተኛለሽ? ይመቱሻል? እሷም በየተራ መለሰችላቸው። የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ዘለለችው።

«በል እማዬን ስጠኝ» አለች።

ሸህ አሊ በእጃቸው የውሃ መቅጃ ሠሩ፤ ውሃ ወርዳለች በል ነው። እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ተኝታለች በል ነው። ጋሽ ይመር ሁለቱንም አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። ያን ሁሉ ቤት ያንኳኳ፣ ለባሕሩም ለበረሃውም ሙት ቃል ያልጠፋው ሰው አንድ ቃል አጣ። ጄኔሬተሩ ብቻ ይጮሃል።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የልጅ አልነበረም። «ታዲያ አሁን ራትህን ማን ነው የሚሰጥህ?»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይባላል። ያን ዕለት ልጅ ለአባቷ መርዶ አስተማረች። ጋሽ ይመር እዚያው ጎማው ላይ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። ከሲቃቸው መሐል መለሱላት፣ መዋሸት አይችሉምና።

«ብርቄ ታመጣልኛለች። ጨው ታበዛለች።»

እትዬ ብርቄ እንባቸው እየወረደ፣ ሸህ አሊን በክርናቸው ጎሸም አድርገው «ይሰሟቸዋል? እኔ ጨው አበዛለሁ?» አሉ።

አባትና ልጅ እስኪበቃቸው አለቀሱ። የመርሳ ልጆችም በዓርብ አልተሰበሰቡም፤ ማን ፈቅዶላቸው? ልትዘጋ ስትል ሰዓዳ «ነገ አንተ ደውልልኝ» አለች። «በራስህ ስልክ። እሺ?»

«እሺ» አሉ። ማታውን ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ለመርዶ እንኳ ኮት ለብሰው አያውቁም። ቁልፎቿ የተፋቁትን ትንሿን ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቁጥሩን አንድ በአንድ ነኩ። ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ መፍቻዬን አስቀመጥኩ። ብትወድቅስ? አልኩ በልቤ።

አንድ ጊዜ ጠራ። በሁለተኛው ሳይደርስ አነሳችው።

ጋሽ ይመር ፊታቸውን ወደኔ አዙረው አዩኝ፤ ከዚያ ተነስተው ከጎማ ክምራቸው ጀርባ ዞረው ገቡ። ጆሮዬን ብደቅንም አንድም ቃል አልሰማሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው የሚደብቁት ወሬ ነበራቸው።